የመንቂያው ክኒን

ባለቤቴ ሲስቅ ይወድቅ ነበር። ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ አልነበረም፤ ከቤት ውጭ አይስቅምና።

መጀመሪያ ያየሁት በተጋባን ሰሞን ነው። በተከራየናት ቤት ሻይ እየጠጣን ሳለ የሆነ ነገር ተናገርኩና ሳቀ። አገጩ ተንጠለጠለ፤ ብርጭቆው ከእጁ አመለጠ፤ ጉልበቱ ከዳውና እንደ ባዶ ጆንያ ቁልቁል ተሰበሰበ። ጮህኩ። ውሃ ልረጭበት ስነሳ ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ፤ ምላሱ እንደተሳሰረ፣ «አትጩሂ፤ የምትይውን ሁሉ እሰማለሁ» አለኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ እንደሚያደርገው፣ ለዚህም ብሎ ሰው መሀል ሳቅ እንደሚሸሽ የነገረኝ ያን ቀን ነው። እኔ ቁም ነገረኛ ሰው አገባሁ ብዬ ነበር።

እንቅልፉ ሌላ ነው። እሱን ሁሉም ያውቃል። ጉርሻ እጁ ላይ እንዳለ ያንቀላፋል። አውቶቡስ ላይ ተኝቶ መውረጃውን ያልፋል። ሶላት ሲሰግድ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ እንደደፋ ስለሚቀር የመስጊዱ ሰዎች፣ «ማሻአላህ፣ ሱጁድ የሚያረዝም ሰው» እያሉ ያከብሩት ነበር። እሱም አላስተባበለም።

ቢስቲማ ያሉት እናቱ ልጃቸውን ዓይን እንደበላው ነው የሚያምኑት። አንድ ጊዜ ይዤው ሄድኩ። ወዳጃ አደረጉለት፤ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጫት እየቃመ ለእሱ ዱዓ ሲያደርግለት ዋለ። ዱዓ የሚደረግለት ሰው ግን ግድግዳውን ተደግፎ አንኮራፋ። እናቱ ዘወር ብለው አዩኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ ሌሊቱን ምን ስታደርጊው ነው የምታድሪው?» አሉኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

ሥራው የመንግሥት የግንባታ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ንብረት መጠበቅ ነበር። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቆርቆሮ ለመግዛት ከቀበሌ ጀምሮ ብዙ ማኅተም ስለሚያስፈልግ መጋዘን የሚሠራ ሰው ሁሉ በክፉ ዓይን ይታያል። ቁልፍ ያዡ ባለቤቴ ነው። ዕቃ ሲገባና ሲወጣ ቆሞ ማየት ነው የሚጠበቅበት።

የመጋዘኑ ኃላፊ ሱሪው ከሆዱ በታች የሚንሸራተትበት ወፍራም ሰው ነበር። የአካባቢውን የውይይት ክበብ የሚመራውም እሱ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ በመሆኔ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ጎልማሶችን አስተምር ነበር፤ ትምህርቱን በንግግር የሚከፍተው ኃላፊው ስለሆነ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ጣቱን ያነሳል፤ «በአንድ በኩል፣ ጓዶች!» ይላል፤ ሱሪውን ወደ ላይ ይስባል። ጥቂት ተናግሮ እንደገና «በአንድ በኩል!» እንደገና ሱሪውን። «በሌላ በኩል» ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ቤት ገብተን መስኮቱን ስንዘጋ እሱን አስመስላለሁ። ሰው ፊት ብዙ የማልናገር ሴት ነኝ፤ ሰው ማስመሰል ግን ከልጅነቴ እችላለሁ። መቀነቴን ይዤ ወደ ላይ ስስብ ባለቤቴ፣ «አንቺ ሴትዮ ተይኝ፣ ወላሂ ልወድቅ ነው!» እያለ ሮጦ አልጋው ላይ ይቀመጣል። አልጋው ላይ የሚቀመጠው ሲወድቅ እንዳይጎዳ ነው።

አንድ ቀን ከደሴ ንብረት ቆጣሪዎች መጡ። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ጎድሎ ተገኘ። ኃላፊው ሠራተኛውን ሰብስቦ ባለቤቴን አስነሳው። የሆነውን ማታ እንዲህ ብሎ ነገረኝ።

«ጓድ፣ ቁልፉ ያለው ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ።»

«ዕቃው ሲወጣ የት ነበርክ?»

«እዚያው። ምናልባት እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል።»

«ምናልባት! በአንድ በኩል፣ ይህ እንቅልፍ አይደለም፤ ዓይን መጨፈን ነው። በአንድ በኩል፣ ዓይኑን የሚጨፍንለት ሰው አለ ማለት ነው።»

ከኋላ አንዱ፣ «ጫት ሲቅም አድሮ ነዋ» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «ቀን ከተኛ ሌሊቱን የት ነው የሚያድረው?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ከመጀመሪያው የከፋ ነበር። ሌሊት የት እንደሚያድር የማይታወቅ ሰው በዚያ ጊዜ ዕቃ ከሰረቀ ሰው ይልቅ ይፈለጋል።

መጨረሻ ላይ የተወሰነው ይህ ነው። ታምሜ ነው ካለ ደሴ ሆስፒታል ሄዶ ይመርመር። ሐኪም ሕመም ነው ብሎ ከፈረመለት ሥራው ላይ ይቆያል። ካልፈረመለት ነገሩ አሻጥር ነውና ለሚመለከተው አካል ይተላለፋል። የሚመለከተው አካል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይጠይቅም ነበር። ወደዚያ ከተላለፉት የአንዳንዱን በሕይወት መኖር ቤተሰቡ የሚያውቀው የላከው የምሳ ዕቃ ባዶውን ሲመለስለት ብቻ ነው።

እኔም ጠረጠርኩት። ሌላው የማያውቀውን ስለማውቅ ከሌላው የባሰ ጠረጠርኩት። ሲወድቅ ሁሉን እንደሚሰማ ራሱ ነግሮኛል። ታዲያ ሲተኛ እንደማይሰማ በምን አውቃለሁ? ወንበር ላይ እንዳንቀላፋ ከኋላው የድስት ክዳን ጣልኩ። አልተነቃነቀም። ልቤ ግን፣ «እየፈተንሽው መሆኑ ገብቶት ይሆናል» አለኝ። እሱ ሥራ ሲሄድ ጓዳውን፣ ሳጥኑን፣ የአልጋውን ሥር ፈተሽኩ። የማላውቀው ነገር አልነበረም። አለመኖሩም አላረጋጋኝም።

ወደ ደሴ የሄድነው በጠዋቱ አውቶቡስ ነው። የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ተኛ። በየመታጠፊያው ጭንቅላቱ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ አጠገቡ ወደተቀመጡት ሴትዮ ይጋደላል። ሴትዮዋ ትከሻቸውን ሰብስበው ሰብስበው ሲሰለቻቸው፣ «እቱ፣ ባልሽ የቆረጠው የአልጋ ቲኬት ነው እንዴ?» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። «አብሽሪ፤ የኔው ቢተኛልኝ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ትምህርቱን ውጭ አገር ጨርሶ ከመጣ ብዙ አልቆየም ይባላል። በሩ ላይ ረዳቱ የሆነ አንድ ድሬሰር ቆሟል። ሐኪሙ ከመጋዘኑ የተላከውን ደብዳቤ አንብቦ ወደ ጎን ገፋው።

«ሕመምተኛ ነው ብዬ እንድፈርም ነው የመጣችሁት?»

«እንዲመረምሩት ነው» አልኩ።

«ከፈረምኩለት እሱ ነጻ ይወጣል። ነገ ሌባ ነው ከተባለ ደግሞ የምጠየቀው እኔ ነኝ።» ወደ ባለቤቴ ዞረ። «ጫት ትቅማለህ?»

«ለዱዓ ካልሆነ አልቅምም።»

«ሌሊትስ? ታመሻለህ?»

ባለቤቴ አየኝ። ጥያቄው የሐኪም ይሁን የሌላ አልለየንም። «በጊዜ ነው የምተኛው» አለ።

«ዱካክ ይጫንሃል?»

«የለም።»

«ይጫነዋል» አልኩ እኔ። ሲነቃ እጅ እግሩ አልታዘዝ ይለውና ጥቁር የለበሰች ሴት በሩ ሥር ቆማ እንደምትታየው ብዙ ጊዜ ነግሮኛል። የካደው እብድ እንዳይባል ነው።

ሐኪሙ ሁለታችንን ተራ በተራ አየን። «እቤት ተማክራችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር» አለ።

በትንሽ የጎማ መዶሻ ጉልበቱን መታ አደረገው። እግሩ ተፈናጠረ። ያንን ጻፈና ቀና ሳይል፣ «ሲስቅ ጉልበቱ ይከዳዋል?» አለኝ።

ደነገጥኩ። «ማን ነገረዎት?»

«መጽሐፍ።»

አላመንኩትም። መጀመሪያ የታሰበኝ በመስኮታችን ሥር የሚያዳምጥ ሰው ነው።

«እንቅልፍና መውደቅ አብረው የሚመጡበት ሕመም አለ» አለ ሐኪሙ። «የሚያነቃ ክኒንም አለው። ግን ያንን ክኒን ፈልጎ የማይመጣ የለም። የአሰብ ሹፌር ይመጣል፤ ፈተና የደረሰበት ተማሪ ይመጣል። ሁሉም እንቅልፍ አስቸገረኝ፣ ሐሳቤ አልሰበሰብ አለኝ ነው የሚለው። ሲወድቅ በዓይኔ ካላየሁ ክኒኑንም አላዝም፣ ወረቀቱንም አልፈርምም።»

«እንዴት አድርጎ ይታያል?»

«ይሳቅ።»

ባለቤቴ ሞከረ። ጥርሱን አሳየ፤ ከዚያ በላይ አልሆነለትም። እስር ቤት የተደቀነበት ሰው ሳቅ ከየት ያመጣል? ድሬሰሩ፣ «ዶክተር፣ እኔ ልሞክረው?» አለና አንድ ባላገር ለመጀመሪያ ጊዜ መርፌ ሲወጋ ምን እንዳለ አወራ። የሳቀ ራሱ ብቻ ነው። ሐኪሙም አንድ ቀልድ ተናገረ፤ ከውጭ አገር ያመጣው መሆን አለበት፤ የቱ ላይ እንደሚሳቅ አላወቅንም።

ሰዓቱን አየ። «ውጭ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ነው» አለና ብዕሩን ከፈተ። ምን ሊጽፍ እንደሆነ ገባኝ።

«ትንሽ ይቆዩኝ» አልኩ። «እሱ ይውጣልን።»

«ድሬሰሩ? ለምን?»

«የቤት ነገር ነው።»

ድሬሰሩ እያጉረመረመ ወጣ። «ባልና ሚስት ሊኮረኳኮሩ ነው እንዴ?» ሲል ከበሩ ውጭ ሰማሁት።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ባለቤቴ ምን ላደርግ እንደሆነ ገባውና፣ «ተይ! ተይ አልኩሽ!» አለ። ሐኪሙን አየሁት። የማን ወንድም፣ የየትኛው ኮሚቴ አባል እንደሆነ አላውቅም። ፊቱ ምንም አይናገርም። ብዕሩ ግን ወረቀቱ ላይ ነው። ጣቴን አነሳሁ።

«በአንድ በኩል፣ ጓዶች!» መቀነቴን ወደ ላይ ሳብኩ። «ጠላት ሲሚንቶ ውስጥ ተደብቋል! በአንድ በኩል፣ ሚስማር የሰፊው ሕዝብ ነው! በአንድ በኩል...» የሌለኝን ሆድ ይዤ አሁንም ሳብኩ።

ባለቤቴ አፉን በእጁ ያዘ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እጁ ወረደ፤ አገጩ ወረደ፤ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ሐኪሙ ዘሎ ተነሳ። የዓይኑን ቆብ ገልጦ አየ። ክንዱን አንስቶ ለቀቀው። መዶሻውን አምጥቶ ጉልበቱን መታው። ቅድም የተፈናጠረው እግር አሁን ዝም አለ። ደግሞ መታው። ምንም።

«ይህን ማስመሰል አይቻልም» አለ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር።

ባለቤቴ ቀስ እያለ ሲነሳ ሐኪሙ ተመልሶ ተቀመጠና ይጽፍ ጀመር። «ሰውየው ማነው?» አለኝ።

«የትኛው ሰውዬ?»

«እሺ» አለ። መጻፉን ሳያቋርጥ ደግሞ፣ «የእኛው ኃላፊ ሁልጊዜ የሚጀምረው በሌላ በኩል ብሎ ነው» አለ።

አልሳቅሁም። ባለቤቴም አልሳቀም። ሰው ሊጠመድ ሲፈለግ ወሬ እንዲህ ተብሎ እንደሚጀመር እናውቃለን።

ወረቀቱን ከተቀበልኩ በኋላ ሳልጠይቅ መውጣት አልቻልኩም። «ሲወድቅ ይሰማል። ሲተኛስ?»

«ሲወድቅ ነቅቶ ነው፤ የከዳው ሰውነቱ ብቻ ነው። ሲተኛ ግን ተኝቷል። አይሰማም።»

ባለቤቴ ለምን እንደጠየቅሁ ገባው። አውቶቡስ ተራ እስክንደርስ ከጎኔ እንጂ ከእኔ ጋር አልነበረም።

ከዚያ በፊት ግን መድኃኒቱን መግዛት ነበረብን። ክኒኑ በጠዋትና እኩለ ቀን ላይ ይወሰዳል፤ ከዚያ ካለፈ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል። ጫት አብሮ አይቃምም። ለሌላ ሰው አይሰጥም። በየወሩ ራሱ ሐኪም ፊት እየቀረበ ያሳድሳል። ፒያሳ ያለው የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ማዘዣውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው።

«ለማን ነው?»

«ለባለቤቴ።»

«እንቅልፍ እምቢ አለው?»

«እምቢ አላለውም። በዛበት።»

«በዛበት!» ከኋላው ዕቃ ወደምትደረድረው ሴት ዞረ። «ሰማሽ? እንቅልፍ በዛብኝ ብሎ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው መጣልሽ።» ከዚያ ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አየው። «ሹፌር ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ወንድምህስ?»

ሆስፒታል ድረስ ስልክ ደወለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ብዙ ተነጋገረ፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማንም። ክኒኑን ከተቆለፈ ሳጥን አውጥቶ ሲሰጠን፣ «እንግዲህ ስማችሁ እኔ ጋ አለ» አለ።

ኃላፊው የሐኪሙን ወረቀት ደጋግሞ አነበበ። ባለቤቴ ንግግሩን ሲሰማ መሬት መሬቱን እያየ ውስጠኛ ጉንጩን ነክሶ ነው የቆመው። «በአንድ በኩል፣ ታመሃል» አለው። «በአንድ በኩል፣ መድኃኒቱ እንዳትተኛ ያደርግሃል። እንግዲያው ጠዋት ጠዋት የመጋዘኑ ዘበኛ እያየህ ክኒኑን ትውጣለህ። ከእንግዲህ ዕቃ ቢጎድል ተኝቼ ነበር የሚባል ነገር የለም።»

እስር ቤቱ ቀረ። ያን ቀን ሁለታችንም የሰማነው ይህንን ብቻ ነው።

ክኒኑ ሠራ። ባለቤቴ እራት በልቶ ጨረሰ። ጋዜጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበ። የሚያፈሰውን ጣሪያ ደፈነ። ሱጁዱም እንደሰው ሁሉ አጠረ፤ በመስጊድ ዒባዳው ቀዘቀዘ ተብሎ ታማ። እኔ ግን ክኒኑን አላመንኩትም። ምሳ አያስበላም፤ ያከሳል፤ ደረቱ ላይ እጄን ሳኖር ልቡ የሚሮጥ ሰው ልብ ይመስላል። ከዚያ ቀደም እሱ ተኝቶ እያለ ቤቱ የእኔ ነበር። አሁን የት እንደምሄድ፣ ምን እንደማነሳ የሚያይ ሰው አለ።

አንድ ቀን በር ተንኳኳ። የማላውቀው ሰው ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌር። «እትዬ፣ የአሰብ መንገድ ገደለኝ። ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ» አለኝ።

«የምን ፍሬ?»

«እንዲያው አይጨክኑ።»

በሩን ዘጋሁበት። ክኒን እንዳለን ማን ነገረው? የሚያውቁት ሐኪሙ፣ መድኃኒት ሻጩ፣ ኃላፊውና ዘበኛው ናቸው። ሁሉንም በየተራ አሰብኳቸው። አንዳቸውንም ነጻ ላወጣ አልቻልኩም።

ባለቤቴ መጋዘኑ ውስጥ ያየውን ያየው ከዚህ በኋላ ነው። ሐሙስ፣ ሰው ለምሳ በወጣበት ሰዓት አንድ መኪና ገባ። ትእዛዝ የያዘ ሰው አብሮት የለም። ዘበኛው ቆርቆሮ ጫነ፤ ኃላፊው ቆሞ ያስጭናል። ባለቤቴ ከሲሚንቶው ክምር ጀርባ ከነበረበት ወንበር ቀና አለ። ኃላፊውም ዞረ። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

በሳምንቱ ኃላፊው ትከሻውን ይዞ፣ «ጓድ፣ ከሳህ እኮ! መድኃኒት ሲበዛ ጥሩ አይደለም። ሐሙስ ሐሙስ እንኳ አትዋጥ፤ ሐሙስ ሥራ ስለማይበዛ ዕረፍት ውሰድ» አለው። ዘበኛውንም ሐሙስ እንዳያስውጠው ነገረው።

እሑድ ቦርከና ወንዝ ልብስ ላጥብ ስወርድ ባለቤቴ ተከተለኝ። ከዚያ በፊት ልብስ ሳጥብ መጥቶ አያውቅም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ነገረኝ። ከዚያ፣ «በፊትም ሐሙስ ሐሙስ ምሳ ከሆቴል ያስመጣልኝ ነበር» አለ። «ብላ፣ ብላ እያለ። ከበላህ በኋላ ጋደም በል፣ እኔ አለሁ ይለኝ ነበር። ደግ ሰው ነው እል ነበር።»

ልብሱን ድንጋይ ላይ ተውኩት። ጓዳ ውስጥ፣ አልጋ ሥር ስፈልግ የነበረውን መልስ ያገኘሁት ያኔ ነው። መፈተሼን ግን አልነገርኩትም።

«ልናገር?» አለኝ።

«ለማን?»

ሁሉም ኮሚቴ የሚያበቃው ኃላፊው ጋ ነው።

«እሺ፣ እንዳለው ሐሙስ ሐሙስ ክኒኑን ብተወውስ?»

«ትተህ ትተኛለህ። በሚቀጥለው ቆጠራ ይጎድላል። ያኔ ምን ትላለህ? ወረቀቱ እኮ መድኃኒት አለው፣ አይተኛም ይላል።»

«ዋጥ አድርጌ ብነቃስ?»

«መንቃትህን ያያሉ።»

ወንዙ ዳር የነበሩት ሴቶች ራቅ ያሉ ናቸው፤ ቢሆንም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን እንደወጣ፣ መቼ እንደወጣ ማወቅ አለብኝ። ማወቄን ደግሞ ማወቅ የለባቸውም። እንግዲያው ሐሙስ ቤት ውጬ እሄድና እዚያ እተኛላቸዋለሁ።»

«ማስመሰል ትችላለህ?»

ጭንቅላቱን ደረቱ ላይ ጣለና ዓይኑን ጨፈነ። ጠላት የሆነ ሰው ይቅርና ሕፃን የማያምነው ነበር። ሲተኛ ራሱን አይቶ አያውቅም፤ ከየት ይወቀው? ይህን ሁሉ ዓመት ያየሁት እኔ ነኝ።

እጄን በቀሚሴ አደራረቅሁና ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ዓይን አይከደንም፤ ግማሽ ሆኖ ይቆያል፤ የላይኛው ከንፈር ይላላል። ጭንቅላቱ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ግራ ይወርዳል። የቀኝ እጅ ጣቶች የሆነ ነገር እንደሚቆጥሩ ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዳንዴ ለማይታይ ሰው የሚያጎርስ ይመስላል። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ፣ መሀሉ ላይ ትንሽ የሚቆም። ሁሉንም አሳየሁት። ዓይኔን ስገልጥ ተነስቶ ቆሟል። ሊስቅ ይሆናል ብዬ ልይዘው ተዘጋጅቼ ነበር።

«እንዲህ ነው የምሆነው?» አለ።

«እንዲህ ነው።»

«በሰው ፊት?»

«እስቲ አንተ አድርገው» አልኩት። «ጣቶችህን ረስተሃል። ትንፋሹን አዘግየው።» ፀሐይ ልብሱን እስክታደርቅ ድረስ ስናደርገው ዋልን።

ሐሙስ መጣ። ኃላፊው ፊቱ ላይ እጁን አወዛወዘ አለኝ፤ ወደ ጆሮውም ተጠግቶ «ጓድ!» አለው። ባለቤቴ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። «እንግዲህ ይሄ ሞቷል» ሲል ሰማው። መኪናው ገባ። ሌላም ሐሙስ መጣ። ኃላፊው ምሳ ማስመጣቱን ቀጠለ፤ ባለቤቴ ክኒኑ ምግብ እየዘጋበት እንኳ ጥርጣሬ እንዳይገባቸው እየተናነቀው ይበላ ነበር። ተኝቶ ሳለ አስመሳይ ያሉትን ሰው ሲያስመስል አመኑት።

ወሩ ሲያልቅ ክኒን ለማሳደስ ብቻውን ደሴ ይሄዳል። አንድ ጊዜ በዋለበት አደረ። አውቶቡስ አመለጠኝ አለ።

ብዙም ሳይቆይ በሥራ ሰዓት ከደሴ ሰዎች በመኪና መጡ። መጋዘኑን ሳይቆጥሩ፣ ማንንም ሳይጠይቁ ኃላፊውንና ዘበኛውን ይዘው ሄዱ። ሐሙስ ዕለት ነበር። ምን እንደወጣና መቼ እንደወጣ አስቀድመው የሚያውቁ ይመስሉ ነበር ተባለ። ባለቤቴን የነካው ሰው የለም። ሰዎቹ ሲገቡ ወንበሩ ላይ አንቀላፍቶ አገኙት፤ ከመካከላቸው አንዱ፣ «ተዉት፣ በሽተኛው እሱ ነው» አለ። በሽተኛ መሆኑን ማን ነገራቸው?

ያን ቀን ወደ ቤት ሲመጣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ስለዚህ ነው የሚያወራው። ጠቋሚው ማን ይሆን ይባባላሉ። ከኃላፊው ጋር የተጣላውን ሁሉ ቆጠሩ። የባለቤቴን ስም ያነሳ አልነበረም፤ ተኝቶ የሚውል ሰው ምን ያውቃል?

እራት አቅርቤ ከፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። «ደሴ ያደርክ ጊዜ የት ነበር ያደርከው?» አልኩት።

የላይኛው ከንፈሩ ላላ። ጭንቅላቱ ወደ ግራ ወረደ። የቀኝ እጁ ጣቶች ተንቀሳቀሱ፤ ትንፋሹ ረዘመ፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ቆመ። ልክ ወንዝ ዳር እንዳሳየሁት መሆኑን አየሁ። ከዚያ በላይ ማወቅ አልቻልኩም። እራቱን ከፊቱ አንስቼ ሸፈንኩለት።